ሥነ ምግባሩን ተረበኛ ያስተምረው

የሳይንስ ተማሪ ስለ ሳይንቲስት ኃላፊነት የሚፈተነው በምርጫ ጥያቄ ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ የሳይንቲስት ባሕርይ ያልሆነው የቱ ነው? ሀ. ሐቀኝነት፣ ለ. ትዕግሥት፣ ሐ. ማጭበርበር፣ መ. መልሱ አልተሰጠም።» ተማሪው አንገቱን ወደ ግራ መዘዝ ያደርግና ከጎረቤቱ ወረቀት ላይ «ሐ»ን አንስቶ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ማጭበርበር የሳይንቲስት ባሕርይ አለመሆኑን አጭበርብሮ አረጋገጠ። ፈተናው አሳልፎታል፤ እኔ ግን ይህ ልጅ የምጠጣው ውኃ ላይ ክሎሪን እንዲመዝንልኝ አልፈልግም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» ካላችሁ፣ ኮርሱን ለተረበኛ ስጡት። ያ ሰፈር ውስጥ አፉ የማይያዘው፣ ታክሲ ላይ ረዳቱ አንድ ሲለው ሁለት የሚመልሰው፣ ዕድር ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሊቀመንበሩን የሚያልበው ዓይነት ሰው። አትሳቁ፤ ከምሬ ነው። በሳይንስ ታሪክ ትልልቆቹን ጥፋቶች የሠሩት የሥነ ምግባርን ትርጉም ያልሸመደዱ ሰዎች አይደሉም። ኩባንያ ሲያባብላቸው፣ ጄኔራል ሲያዝዛቸው፣ አለቃ ሲያፈጥባቸው የሚመልሱት ያጡ፣ ወይም መልሱ ምላሳቸው ላይ ደርሶ የዋጡት ናቸው። እኛ ደግሞ መዋጥን በደንብ እናስተምራለን። ልጁን ዐሥራ ሁለት ዓመት «ዝም በል፣ ቲቸር እያወራ ነው» ስንለው ኖረን፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በአንድ ሴሚስተር «አቋም ይኑርህ» እንለዋለን። ከየት ያምጣው?

ላቦራቶሪ እንግባ። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ፔንዱለም ያወዛወዘ ቡድን ሁሉ የመሬት ስበት 9.8 ነው ብሎ ሪፖርት ያስገባል። ክሩ የተበጠሰበት ቡድን እንኳ 9.8 አግኝቷል። የሰዓት መያዣው ባትሪ ያለቀበት ቡድን ደግሞ 9.81፤ እነሱ ጥንቁቆች ናቸው። አንዲት ልጅ ብቻ የለካችውን ለክታ፣ ያገኘችውን 9.1 ጽፋ ታስገባለች። ከ10 ስድስት! ለምን ሲባል «መልሱ ትክክል አይደለም» ይላታል ቲቸር። ተረበኛ እዚያ ቢኖር ኖሮ፣ «ቲቸር፣ መልሱን ካወቁት እኛን ለምን ያስለኩናል?» ይለው ነበር። እሷ ግን አላለችም። በሚቀጥለው ሳምንት ከመልሱ ተነሥታ ወደ ኋላ ሰንጠረዥ መሙላት ተማረች። ያን ሴሚስተር የወሰደችው የሥነ ምግባር ትምህርት ይኸው ነው፤ ያስተማራትም የፊዚክስ መምህሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ሰፈር ሁሉ የመብራት ምሰሶ ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ታያላችሁ። አማክሩኝ ብሎ የገባ ተማሪ መቶ ገጽ ተሸክሞ ይወጣል፤ ምክር እንዲህ ሲወፍር ሌላ ቦታ አላየሁም። ሁለት መቶ ሰው የሞላው መጠይቅ አለው፤ ሁለቱም መቶ አንድ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ከምሳ በፊት ሞልተውታል። የምስጋናው ገጽ ግን ለፈጣሪ ነው። ፈጣሪም «እኔ እዚህ ውስጥ የለሁበትም» ብሎ በደብዳቤ ባለማስታወቁ ዲግሪው ይጸድቃል።

ይሄ የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። ኒው ዮርክ ውስጥ በታወቀ የካንሰር ተቋም፣ በ1974 (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ) ዊሊያም ሰመርሊን የሚባል ተመራማሪ የጥቁር አይጥ ቆዳ ነጭ አይጥ ላይ ለጥፌ ያለ ችግር ያዘልኝ ይል ነበር። አንድ ጠዋት አይጦቹን ለአለቃው ሊያሳይ ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ማርከር ነበረችው፤ ነጮቹ ላይ የተለጠፈውን ቦታ በማርከር አጠቆረው። አለቃው አላወቀም። ያወቀው አይጦቹን የሚንከባከበው የላቦራቶሪ ረዳት ነው፤ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግ ቢያደርገው ጥቁሩ ለቀቀ። ትልልቆቹ ዶክተሮች ያላዩትን፣ ቁርስ የሚሰጣቸው ሰው አየው። ሥነ ምግባር የሚያስተምር ሰው የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥጥና አልኮል ነው፤ ስላይዱን ይተወው።

አይጡስ ይሁን፤ ማርከር ይታጠባል። አሁን የማይታጠበውን ላምጣ።

ቶማስ ሚጅሊ በትምህርቱ መካኒካል መሐንዲስ፣ በሥራው የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ ነበር። የዚያን ጊዜ የመኪና ሞተር ያንኳኳ ነበር። ሚጅሊ በ1921 መጨረሻ ላይ ቤንዚን ውስጥ ጥቂት የእርሳስ ውህድ ጠብ ቢደረግ ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኘ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። አልኮል ቢጨመርም ሞተሩ ጸጥ እንደሚል ይታወቅ ነበር፤ ግን አልኮል ፓተንት የለውም፤ ካቲካላ የምታወጣ ባልቴት ልትወዳደርበት የምትችል ነገር ለኩባንያ ምኑ ነው? እርሳሱ ተመረጠ። «ኢታይል» የሚል የክርስትና ስም ወጣለትና «እርሳስ» የምትለዋ ቃል ከማስታወቂያው ተሰወረች። የኛ እርሳስ ይጽፋል፤ ይሄኛው የሕፃናትን አእምሮ ይሰርዛል።

በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ውህዱን የሚያመርቱ ሠራተኞች ማበድ ጀመሩ፤ 5 ሰው ሞተ፣ ሌሎች እየለፈለፉ ሆስፒታል ገቡ። ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞቹ የሌሉ ነፍሳት በዓይናቸው እየመጡባቸው ከአየር ላይ ሊይዙ ይሞክሩ ስለነበር፣ ሕንፃውን «የቢራቢሮ ቤት» ብለውታል። እነሱም ተረበኞች ነበሩ፤ ሰሚ አጡ እንጂ። ኩባንያው ጋዜጠኛ ጠራ። ሚጅሊ ፊታቸው ቆሞ ፈሳሹን እጁ ላይ አፍስሶ ታጠበበት፤ ጠርሙሱን አፍንጫው ሥር ደቅኖ ለ60 ሴኮንድ ማገው። ይህን በየቀኑ ባደርገው ምንም አልሆንም አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መጀመሪያ ላይ ራሱ በእርሳስ ተመርዞ ፍሎሪዳ ሄዶ ማገገሙን ግን አላነሣም።

ይህን ክፍል ውስጥ ስትነግሩ አንዱ ተማሪ መነሣቱ አይቀርም።

«ቲቸር፣ ቢያንስ ራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል እኮ!»

«ሲሞክር ጋዜጠኛ ጠራ፤ ሲታመም ግን አልጠራም።»

«ጉዳቱ በጊዜው አልተረጋገጠም ነበራ!»

«ደኅንነቱስ ተረጋግጦ ነበር?»

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። የኩባንያው ሐኪም ሮበርት ኪሆ ለዐሥርት ዓመታት ያን አንድ መልስ ይዞ ኖረ፤ ጎጂ ነው የምትሉ እናንተ አሳዩኝ ይላል። ምርምሩ የሚካሄደው በኢንዱስትሪው ገንዘብ፣ በእሱ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ «በሩን ክፈቱና ግቡ» እንደማለት ነው። አሊስ ሐሚልተን፣ የሐርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት፣ በ1925 ዋሽንግተን በተጠራ ስብሰባ ላይ ይሄ ነገር መንገድ ላይ መበተን የለበትም ብላ ተናገረች። በአክብሮት አዳመጧትና ቤንዚናቸውን ቀዱ።

ቁልፉን ያስጣላቸው ለሌላ ሥራ የመጣ ሰው ነው። ክሌር ፓተርሰን የምድርን ዕድሜ ሊለካ ከድንጋይ ውስጥ እርሳስ እየቆጠረ ነበር፤ ቆጠራው አልገጥም አለው። አቧራው፣ የቧንቧ ውኃው፣ የገዛ ፀጉሩ ሳይቀር እርሳስ ያዘንባል። ክፍሉን አሳጥቦ፣ አየሩን አጣርቶ ዕድሜውን ለካ፤ 4.55 ቢሊዮን ዓመት፣ በ1956 አሳተመው። ሌላው ሰው እዚያ ላይ ሽልማቱን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ፓተርሰን ግን «ያ ሁሉ እርሳስ ከየት መጣ?» ብሎ ተመለሰ። በ1965 ሲያሳትመው የነዳጅ ኢንዱስትሪው የምርምር ገንዘቡን ቆረጠበት። በ1971 ስለ አየር እርሳስ የሚያጠና ብሔራዊ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ጉዳዩን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ አልተጠራም። ሠርጉ ላይ ሙሽራውን የረሳ ኮሚቴ! እርሳሱ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ ቤንዚን ውስጥ የወጣው በ2006 መግቢያ ላይ ነው፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021። ሚጅሊ ጠርሙሱን ካሸተተ ወደ መቶ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው?

(ሰውየው የማቀዝቀዣውን ፍሪዮንም የፈጠረ እሱ ነው፤ ያን የኦዞን ነገር። በፖሊዮ ሽባ ከሆነ በኋላ ከአልጋው ለመነሣት በራሱ በሠራው የገመድ መሣሪያ ታንቆ በ1944 ሞተ። እዚህ ላይ ተረበኛም ዝም ይላል።)

አሁን ወደ ዋናው ማምለጫ እንሂድ፤ «እኔ ሳይንሱን ነው የሠራሁት፣ አጠቃቀሙ የፖለቲከኛ ጉዳይ ነው» ወደሚለው። ለዚህ ፍሪትዝ ሐበርን የመሰለ ማስተማሪያ የለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ከአየር ላይ ናይትሮጅን ነጥቆ አሞኒያ ሠራ፤ ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አስገባው። ክረምት በገባ ቁጥር ገበሬያችን «ዩሪያ መጣ ወይ?» እያለ የሚጠይቀው የዚያ ግኝት ልጅ ነው። ስለዚህ ሐበርን በደፈናው የሚረግም ሰው መጀመሪያ ሳህኑን ይመልከት። ግን ይኸው ሐበር በሚያዝያ 1915 ቤልጂየም፣ ኢፕር ጦር ግንባር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የክሎሪን ሲሊንደሮች ሲከፈቱ ራሱ ቆሞ ይመራ ነበር። ሳይንቲስት በሰላም ጊዜ የዓለም፣ በጦርነት ጊዜ የአገሩ ነው የሚል አቋም ነበረው። ሚስቱ ክላራ ኢመርቫር፣ በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ከዚያ ቀናት በኋላ በእሱ ሽጉጥ ራሷን አጠፋች። ምክንያቷን የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። እሱ በማግስቱ ወደ ምሥራቅ ግንባር ሄደ። የኖቤል ኮሚቴ ደግሞ ለአሞኒያው የ1918ን ሽልማት ሰጠው። በ1933 ያቺ የጦርነት ጊዜ እናቱ ጀርመን አይሁዶችን ከሥራ አባርሩ ስትል፣ በትውልዱ አይሁድ የሆነው ሐበር ተቋሙን ጥሎ ወጣ፤ በዓመቱ ባዝል ውስጥ ሞተ። «የአገሬ ነኝ» ላለ ሰው አገሩ የሰጠችው መልስ ከተረብም ይመርራል።

ታሪኩ ግን ባዝል ላይ አያልቅም። የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን ለጦር መሣሪያነት ያበቁት የሐበር ተቋም ኬሚስቶች ናቸው፤ በ1917 እዚያው ኢፕር ላይ ተተኮሰ። ያ ዕውቀት ድንበር አላወቀም። በ1928 ዓ.ም. (ይሄ የኛ ነው) የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ትግራይና ወሎ ላይ እንደ ጠል ሲረጩት፣ ባዶ እግሩን የረገጠው ሣር እግሩን የገሸለጠው ወታደር፣ ጠበል ይመስል ከወንዝ የጠጣ ከብት፣ ኬሚስትሪ የሚባል ትምህርት መኖሩን አያውቁም ነበር። ኢጣሊያ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ውል ፈርማለች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው ይህንኑ ሲናገሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በፈረንጅ 1996 ነው። ስልሳ ዓመት ያፏጩ ሰዎች ትንፋሻቸው አይጣል ነው!

ስለዚህ ተማሪው «አጠቃቀሙ የእኔ አይደለም» ሲላችሁ እንዲህ በሉት፤ ከአውሮፕላኑ ሥር የተገጠመውን መርጫ ቀዳዳ ስፋት የለካው ማነው? ከስንት ሜትር ቢለቀቅ መሬት ሳይደርስ አይበተንም ብሎ ያሰላውስ? አብራሪው መሰላችሁ? አብራሪውማ የተሰጠውን ማንሻ ነው የሳበው። ማንሻው ድረስ ያለው ሁሉ የቤት ሥራ ነው፤ ባለ ዲግሪ የሠራው፣ ምናልባትም «በጣም ጥሩ» የተባለለት።

«እኔ ባልሠራው ሌላ ይሠራዋል» የሚልም አለ። ለዚህ ረጅም መልስ አላባክንም። ጆሴፍ ሮትብላት የአቶም ቦምብ ከሚሠሩት አንዱ ነበር፤ ጀርመን ቦምቡን እንደማታደርስ ሲሰማ በ1944 መጨረሻ ላይ ሎስ አላሞስን ጥሎ ሄደ። ሰላይ ነው ተባለ። በእርግጥም ሌሎቹ ቦምቡን ሠሩት፤ የእሱ መውጣት ሂሮሺማን አላዳነም። ግን የተጠየቀው ስለ ሌሎቹ አልነበረም። ቀሪ ዕድሜውን የኑክሌር መሣሪያን ሲቃወም ኖሮ በ1995 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደ።

አንድ የማከብራቸው የኬሚስትሪ መምህር ይህን ሐሳቤን ሲሰሙ፣ «ልጆቹን ባለጌ ልታደርግልን ነው?» አሉኝ። ጋሼ፣ ያላነበበ ተረበኛ ተሳዳቢ ይባላል፤ እኔ የምለው ያነበበውን ነው። ፍራንሲስ ኬልሲ በ1960 የአሜሪካ መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ገና አዲስ ገብታ ሳለ ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ አረፈ። አውሮፓ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ እየዋጡት ነው። ኩባንያው ይደውላል፣ ይመላለሳል፣ ለአለቆቿ ያማርራል። እሷ ጮኻ አታውቅም፤ «ማስረጃችሁ አልበቃኝም» የሚል ደብዳቤ ነው የምትጽፈው። ደጋግማ። እጅና እግራቸው ሳይፈጠር የተወለዱት ልጆች ጉዳይ በ1961 መጨረሻ ሲወጣ፣ ዓለም ላይ በሺዎች ሲቆጠሩ አሜሪካ ውስጥ በጣም ጥቂት ነበሩ። ብልግናዋን አዩልኝ፣ ጋሼ!

እና ደግሞ ኃላፊነት ማለት «አታድርግ» ብቻ አይደለም። የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፋችን ለዓመታት ስለ አክሊሉ ለማ አስተምሯል። መምህሩ ይጠይቃል፤ «እንዶድን ያገኘው ማነው?» ተረበኛው እጁን ያወጣል፤ «ልብስ አጣቢዎቹ!» ዜሮ ይሰጠዋል፤ እኔ ብሆን መቶ እሰጠዋለሁ። አክሊሉ በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ያየው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መንሳፈፋቸውን ነው። ከላይ ያሉት በሕይወት አሉ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ሺህ ሰው በዚያ አልፏል፤ ወደ ወንዙ ዝቅ ብሎ ማየት፣ ከሴቶቹም ጋር ማውራት የእሱ ነው። ከዚያ ስንት ዓመት የውጭ ተቋማት «ሙከራው በእኛ ደረጃ አልተሠራም» እያሉ መለሱት። አማራጭ የኖቤል ሽልማት የሚባለውን በ1989 ተቀበለ። በ1990ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ ያለው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት በእንዶድ መግደል ላይ ፓተንት አወጣ። የአድዋ ልጅ ሆድ «ደረጃውን ጠብቅ» ሲባል ኖሮ የኦሃዮ ቧንቧ ቀደመው።

ፈተናው በቃል ይሁን። መምህሩ ኮት ለብሶ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ይሁን፤ ተማሪው አዲስ የተቀጠረ ኬሚስት። ቆዳ ፋብሪካ ነው እንበል፤ ወንዝ ዳር፣ ከታች ደግሞ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ፤ አቃቂ ላይ እንደምናየው።

«ወጣቱ፣ ይህቺን ፈርምልኝ። ክሮሚየሙ ከደረጃ በታች ነው ትላለች።»

«ውኃው ከየት ተቀዳ?»

«ከቢሯችን ቧንቧ።»

«ቢሮው ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። ወንዙስ?»

«ወንዙማ ከኛ በፊትም ቆሻሻ ነበር።»

«እንግዲያው ከፋብሪካው በላይና በታች እንቅዳና የእርስዎን ድርሻ እንለየው።»

«አንተ ካልፈረምክ ሌላ ይፈርማል!»

«ይፈርም፤ ስሙን ግን በግልጽ ይጻፈው። ፊርማ ብቻውን ፍርድ ቤት አይነበብም።»

«ደመወዝህን ማን እንደሚከፍልህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። እርስዎስ ምሳ የበሉት ጎመን የት እንደበቀለ ያውቃሉ?»

«በቃ፣ በቃ! ኤ ወስደሃል። ጎመኑን ግን ተወኝ፤ ገና አልወረደልኝም።»